የኤሌክትሪክ ምድጃ ኃይል በምን እንደሚቆጣጠር በቆጣሪ መለየት

በካፋ ዞን በሺሺንዳና አካባቢዋ እንደሚታየው፣ ዝናቡ በሚረዝምበትና ማገዶ በእርጥበት አልነድ በሚልበት ቦታ የኤሌክትሪክ ምድጃ መበላሸት ለቤተሰብ ቀላል ችግር አይደለም። ምድጃው አልሞቅ ሲል በቅድሚያ የሚጠረጠረው የማሞቂያ ሽቦው ነው። ይሁንና ጉድለቱ ኃይሉን በሚመጥነው ማዞሪያ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሽቦ ከመግዛት በፊት የመቆጣጠሪያውን ዓይነት መለየት ወጪን ያድናል።

ለዚህም ምድጃውን መፍታት አያስፈልግም። በኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በሚወሰደው ኃይል ልክ ብልጭ ትላለች፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትል ቆጣሪው ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ 1000 ከሆነ፣ 1 ኪሎዋት የሚወስድ ምድጃ በደቂቃ 17 ጊዜ ያህል፣ 2 ኪሎዋት የሚወስድ ደግሞ 33 ጊዜ ያህል ብልጭ ያደርጋታል። ሌሎች መሣሪያዎችን በሙሉ ያጥፉ (ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል)። ውኃ ያለበት ድስት ጥደው ምድጃው እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ከዚያም ማዞሪያውን ዝቅተኛው ላይ አድርገው ለጥቂት ደቂቃዎች ይከታተሉ።

መብራቷ በፍጥነት ብልጭ እያለች ቆይታ ካረፈችና እንደገና ከጀመረች፣ ምድጃው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ በመሃል የሚያቋርጠው ቴርሞስታት ወይም መሰል ማብሪያ አለው። ዝቅተኛው ላይም እንደ ከፍተኛው ሳታርፍ ከቀጠለች ማብሪያው ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለእሳት አደጋ የሚዳርግ በመሆኑ ምድጃውን ከሶኬት ይንቀሉ።

ሳታርፍ ነገር ግን በዝግታ ብልጭ ካለች፣ ማዞሪያው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሽቦዎችን በተለያየ መንገድ የሚያገናኝ ነው። በ220 ቮልት እያንዳንዳቸው 1000 ዋት የሆኑ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ሲገናኙ 2000፣ በተከታታይ ሲገናኙ 500 ዋት ይሰጣሉ። በዚህ ዓይነት ምድጃ ላይ ዝቅተኛው ደረጃ ጨርሶ የማይሞቅ፣ ከፍተኛው ደግሞ ግማሽ ኃይል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከሽቦዎቹ አንዱ ተበጥሷል። ማዞሪያ የሌለው የእንጀራ ምጣድ ግን ኃይሉ አንድ ብቻ ነው፤ ይበራል ወይም ይጠፋል።

በሁሉም ደረጃ ፍጥነቷ ከወትሮው ከቀነሰ ችግሩ የምድጃው ላይሆን ይችላል። ቮልቴጅ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምድጃው ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል። ኤልኢዲ አምፖል ቮልቴጅ ቢወርድም እንደወትሮው ሊበራ ስለሚችል በእርሱ መፍረድ አይቻልም። ቮልቴጁን በባለሙያ ካስለኩ በኋላ፣ የተለካበትን ሰዓት ጠቅሰው በአቅራቢያዎ ላለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ያመልክቱ።

የምድጃው አካል ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ምርመራውን አይጀምሩ፤ ብሬከሩን አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ።