ዝሆኔ በዘር ብቻ አይመጣም



ውድ አድማጮቻችን፣ ኒካሕ ሊታሰር ሲል አንዳንዴ «ዘራቸው ውስጥ ዝሆኔ አለ» የሚል ሹክሹክታ ይነሣል። የአያቷ እግር አብጦ ስለነበር ብቻ ልጅቷ ትቀራለች። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

በትንኝ የሚተላለፍ ዝሆኔ አለ። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በአገራችን ደጋና ወይናደጋ ስለሚታየው፣ ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚባለው ነው። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳ ገብተው የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱ ቱቦዎችን ይጎዳሉ። እግርም ቀስ በቀስ ያብጣል።

ታዲያ አንድ መሬት ከሚያርሱ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? እዚህ ላይ ዘር ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ የሰውነትን መከላከያ በሚመለከቱ ውርሳዊ ባሕርያት ላይ ልዩነት ማግኘታቸውን አሳትመዋል።

የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። አፈሩ እግሩን ካላገኘው ዘር ብቻውን ይህን በሽታ አያመጣም። ስለዚህ መፍትሔው ልጅቷን መተው ሳይሆን፣ ልጆቿ ገና መራመድ ሲጀምሩ ጫማ ማድረግ ነው።

ውዱእ እግርን ማጠብ አስተምሮናል። ይሁንና ታጥቦ በባዶ እግር ወደ ማሳ መመለስ አይጠቅምም፤ ጫማ ያስፈልጋል። በደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈርም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ቧንቧ ያለው ሰው እግሩን ለመታጠብ ብዙ አይቸገርም። ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ የገጠር ዘመዳችን ግን ከባድ ነው። ለዒድ ስንጠይቀው ለልጆቹ ጫማና ሳሙና ብንይዝ ታላቅ ስጦታ ነው።

የታመመም ተስፋ አይቁረጥ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ የሚያንገበግበውን ድንገተኛ ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጀመረው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ወገኖቻችን፣ በቀደር ማመን ሰበብ ከማድረስ አያግደንም። እግሩ ያበጠ ወንድማችን መስጊድ ሲመጣም ከሰፍ አንራቀው፤ ትከሻችንን ከትከሻው እናጋጥም። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።