ከሐሳብ የሚቀድም ብርገጋ

ቻርለስ ዳርዊን ለንደን ውስጥ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ፣ እፉኝት ወዳለችበት ወፍራም መስታወት ፊቱን አስጠጋ። ብትወረወርም ላያፈገፍግ ቆርጧል። እፉኝቷ መስታወቱን ስትመታው ግን ያ ሁሉ ቁርጠኝነት ጠፍቶ ወደ ኋላ ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና እንስሳት ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጽፎታል። መስታወቱ እንደማይሰበር ያውቃል፤ እባብ ነድፎት አያውቅም። ሰውነቱ ግን አላማከረውም።

ጊዜ የለውማ! ድንገተኛ ድምፅ ጆሮ ሲደርስ መልእክቱ አመዛዛኙን የአንጎል ክፍል አይጠብቅም። በአንጎል ግንድ አቋርጦ በቀጥታ ወደ ጡንቻዎች ይወርዳል። በሰከንድ 25ኛ እጅ ገደማ ዓይን ይጨፈናል፤ አንገት ይሰበሰባል፣ ትከሻ ከፍ ይላል፣ ሆድ ይኮማተራል፣ ጉልበት ይታጠፋል። ምን እንደሆነ የምናውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ላንዲስና ሃንት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1930ዎቹ ሽጉጥ እያስተኮሱ ሰዎችን በፈጣን ካሜራ ሲቀርጹ፣ ተኩስ የለመዱ ፖሊሶች እንኳ ዓይናቸውን ከመጨፈን አልዳኑም።

ስለዚህ የበረገገን ሰው፣ በተለይም ልጅን፣ «ፈሪ» ማለት ትልቅ በደል ነው። ድፍረት የሚለካው ከብርገጋው በኋላ በምናደርገው ነው። እርግጥ ፍርሃት ብርገጋን ያበረታዋል፤ ስጋት ላይ ያለ ሰው ከተረጋጋው ይበልጥ ይደነግጣል። ያው ድምፅ ያለ ጉዳት ሲደጋገም ደግሞ ሰውነት እየለመደው ይሄዳል። ጦርነት ወይም ሌላ አሰቃቂ ነገር ያየ ሰው ግን ከዓመታት በኋላም በር ሲላተም ሊዘል ይችላል። ይህ ሐኪሞች የሚያውቁት የሕመም ምልክት ነው፤ ሊታከምም ይገባዋል። እንዲህ ያለ ሰው መሳቂያ ሲደረግ ማየት ያማል።

ብርገጋ ሲወለዱም አብሮ ይመጣል። በጀርመን ሃይድልበርግ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ኤርንስት ሞሮ በ1918 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ምላሽ ዛሬም ከአራስ ምርመራዎች አንዱ ነው። ሐኪሙ የሕፃኑን ራስ ደግፎ ጥቂት ዝቅ ሲያደርገው፣ ሕፃኑ ክንዶቹን ዘርግቶ መልሶ ወደ ደረቱ ይሰበስባቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም ያለቅሳል። ይህ የአራስ ምላሽ እስከ ስድስት ወር ገደማ ይጠፋል። አንዱ ክንድ ብቻ ከተዘረጋ፣ ሐኪሙ በወሊድ ጊዜ የትከሻ ነርቭ ተጎድቶ ወይም ትከሻን ከደረት የሚያያይዘው አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ ይመረምራል።