«የጣሊያን ቤት ነው» ከማለታችሁ በፊት
የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አሮጌ ቤቶች፣ ሰፈሮችና መቃብሮች፦ ተረትና እውነታ

አዳማ ውስጥ በድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ አንድ አሮጌ ቤት የማን እንደነበረ ብትጠይቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «የጣሊያን ቤት ነው»። የቤቱን ወረቀት ብትጠይቁ «በደርግ ጊዜ ጠፍቷል» ትባላላችሁ። የአያት መቃብር ሲነሣ ደግሞ «ስሙን ፈልገን አጣነው» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የሚሰሙት እነዚህ አባባሎች ፍለጋውን ገና ሳይጀመር ይዘጉታል። ፋታ ደግሞ የለም። የመንገድ ማስፋፊያውና የኮሪደር ልማቱ የከተሞቹን መልክ በፍጥነት እየለወጠው ነው፤ «ይኼ ቤት የእገሌ ነበር» ብለው በእርግጠኝነት የሚናገሩ አረጋውያንም ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

«የድንጋይ ቤት ሁሉ ጣሊያን የሠራው ነው»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ይህ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ ተባርሯል። በጠቅላላው አምስት ዓመት ነው፤ ያውም አብዛኛው በጦርነት የተያዘ። መንገድ፣ ድልድይና የወታደር ቤት በብዛት መሥራቱ እውነት ነው። ሆኖም የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ሐዲድ አዳማን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የጣሊያን ወረራ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቀረው ነበር። ሐዲዱን የዘረጋው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ በመሥመሩ ላይ ጣቢያዎችን፣ መጋዘኖችንና የሠራተኛ ቤቶችን ሠርቷል። ባቡሩን ተከትለው የመጡት የግሪክ፣ የአርመን፣ የየመንና የህንድ ነጋዴዎችም በመሥመሩ ከተሞች ሱቅና መኖሪያ አቁመዋል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ያለውም ጉዳይ እንዲሁ ይደባለቃል። ግንበኛ፣ አናጢና መካኒክ የሆኑ ብዙ ጣሊያኖች እዚሁ ቀርተው ለኢትዮጵያውያን ደንበኞች ሠርተዋል። ስለዚህ ግንበኛው ጣሊያናዊ የሆነ ቤት ሁሉ «በጣሊያን ጊዜ» የተሠራ ነው ማለት አይደለም። የቆቃ ግድብ ጥሩ ምሳሌ ነው። የተሠራው በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ ነው፤ የተመረቀው ግን በ1952 ዓ.ም.፣ ወራሪው ከወጣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ወንጂ ውስጥ ደግሞ በልማድ «የጣሊያን» የሚባሉ ቤቶች በእርግጥ የሆላንዶች ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ለሠራተኞቹ ሰፈር ሠርቶ ነበርና።

ድንጋዩ ራሱ ዕድሜውን አይናገርም። በአካባቢው የሚቆረጠው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከወረራው በፊትም፣ በወረራው ጊዜም፣ ከዚያ በኋላም ተገንብቶበታል። ይልቅ የሚናገረው ብዙዎች የሚንቁት የጭቃ ቤት ነው። በድሮ ጊዜ የጭቃ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍ የተለመደ ነበር፤ ባደፈ ቁጥር ሌላ ይደረብበታል። ግድግዳው ሲፈርስ ወይም ሲታደስ ድርቡን ቀስ ብሎ በውኃ አርሶ ማላቀቅ ይቻላል። ከታች ያለው ቅጠል ላይ የ«አዲስ ዘመን» ቀን ቢገኝ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ጋዜጣው ከመታተሙ በፊት ሊለጠፍ አይችልም። ሁለተኛ፣ ሰው አሮጌ ጋዜጣ አከማችቶ ከዓመታት በኋላ ይለጥፋል። ስለዚህ ቀኑ «ከዚህ ጊዜ ወዲህ ተለጠፈ» ይላል እንጂ «ቤቱ በዚህ ዓመት ተሠራ» አይልም። እንዲያም ሆኖ ከባዶ ግምት እጅግ ይሻላል። «አዲስ ዘመን» መታተም የጀመረው በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከሥሩ ከዚያ በፊት የታተመ ሌላ ጋዜጣ ከተገኘ ዕድሜው ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል።

«አዳማ ባቡር ሳይመጣ ባዶ ሜዳ ነበረች»

ከተማዋን ባቡሩ እንዳሳደጋት አያከራክርም። ቦታው ግን የኦሮሞ አርሶ አደርና አርብቶ አደር የኖረበት፣ ያረሰበትና ከብት ያሰማራበት አገር ነበር። አዳማ የሚለው ስምም የቀደመው ነው። ናዝሬት የሚለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ተወስዶ የተሰጠ ሲሆን በ1992 ዓ.ም. አዳማ በይፋ ተመልሷል። አንድ ሰው ስለ ቤተሰቡ ወረቀት ሲፈልግ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። በጣሊያን ካርታ ላይ «አዳማ» የሚለውን፣ በ1950ዎቹ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ላይ «ናዝሬት» የሚለውን መፈለግ አለበት። ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት፣ ባቱና ዝዋይም እንደዚሁ ናቸው። በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ሰነድ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

የሰው ስምም ያው ነው። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ከመሆኑ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች የኦሮሞን ስም እንደሰሙት በአማርኛ ይጽፉት ነበር፤ አንዱ ሰው በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ትምህርት ቤት ሲገቡ ወይም ክርስትና ሲነሡ ስማቸው የተለወጠም ብዙ ናቸው። በዚህ ላይ የሀ፣ ሐ እና ኀ፣ የሰ እና ሠ፣ የአ እና ዐ ልዩነት ሲጨመር ስም በፊደል ተራ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም መሞከር ግድ ይለዋል።

«ቤቱ ሲወረስ ወረቀቱም አብሮ ጠፋ»

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ንብረቱን አጥቷል፤ ሐዘኑም እስከ ዛሬ አለ። የመዝገብን ነገር ካየን ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። የትኛው ቤት የማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ሳይጻፍ መውረስ አይቻልም። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሲሰጡ ዝርዝር ተሠርቷል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም «ቤታችን ከአዋጅ ውጭ ተወስዷል» ብለው ያመለከቱ ቤተሰቦች የነበራቸውን አሮጌ ማስረጃ ሁሉ ከማመልከቻቸው ጋር አያይዘዋል።

ከዚያ በፊትም ማዘጋጃ ቤት ነበር። በየቤቱ ሣጥን ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚገኝ አንድ የጣራና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ አንሡና እዩ፦ የከፋዩ ስም፣ የተከፈለበት ዓመት፣ የተቀባዩ ፊርማና የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም አለበት። ከፋዩ አያት ሳይሆን የአያት እኅት ሆና ብትገኝ አትደንግጡ። ሴቶች በገዛ ስማቸው ቤት ነበራቸው፤ ባል ቢያገቡም ስማቸው ከአባታቸው ጋር ይቀጥላል። ስለዚህ የቤቱን ታሪክ በወንዶቹ ስም ብቻ የሚከተል ሰው መንገድ ይስታል።

አንድ የሚያሳስት ነገር የቀበሌ ቁጥር ነው። ቀበሌዎች በየጊዜው ተዋህደዋል፣ ስማቸውና ቁጥራቸውም ተለውጧል፤ ዛሬ አዳማ በክፍለ ከተማ ተዋቅራለች። በ1970 ዓ.ም. ደረሰኝ ላይ ያለውን ቁጥር በዛሬው ካርታ ላይ መፈለግ ወደ ሌላ ሰፈር ይወስዳል። ያን ጊዜ የሚሻለው የድሮውን የቤት ቁጥር የሚያስታውስ ጎረቤት ነው፤ አለዚያም በንጉሡ ዘመን የተነሣ የአየር ፎቶግራፍ። እነዚህ ፎቶግራፎች በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ በዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት እጅ ናቸው። የአንድ መንደር ቀጭን መንገድ በአንዱ ፎቶ ላይ ሳይኖር በሚቀጥለው ላይ መታየቱ ሰፈሩ በየትኞቹ ዓመታት መካከል እንደተቆረቆረ ያሳያል።

አዲስ አበባ ያለው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ደብዳቤዎች፣ ጋዜጦችና መጻሕፍት አሏቸው። በናዝሬት ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያካሄደው የሜኖናይት ሚስዮንም ስለ ከተማዋ ብዙ ጽፏል፤ ሚስዮኑ የመጣው ከአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ነውና እዚያ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

«ሐውልቱ ላይ ስሙ ከሌለ የእኛ አይደለም»

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የራሱን መቃብር አልፎ ሄዷል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፤ ሐውልቱም ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እሱው ነው። በሰፈር ዕድሜዋን ሙሉ «አስካለ» ስትባል የኖረች ሴት መቃብሯ ላይ «ወለተ ማርያም» ሆና ትገኛለች። የልጅ ልጆቿ ግን አስካለን ሲፈልጉ በአጠገቧ ያልፋሉ። ዓመቱ ደግሞ በግዕዝ ቁጥር ይሆናል። ፲፱፻፵፭ ማለት 1945 ዓ.ም. ነው፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ሲነገር ከታኅሣሥ 22 በፊት ከሆነ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ዓመት ይጨመርበታል። በጣሊያን ጊዜ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ የፋሺስቱን ዘመን አቆጣጠር ሊይዝ ይችላል። እሱ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ስለሚቆጠር «15ኛው ዓመት» ቢል አብዛኛው የእኛ 1929 ነው።

ሁለቱን ስም የሚያገናኘው ድልድይ የዕድር መዝገብ ነው። ዕድሩ ሟቹን የሚያውቀው በቤት ስሙ ነው፤ መቼ እንደሞተ፣ ለማን ስንት እንደተከፈለ ጸሐፊው በደብተር ላይ አስፍሯል። የዕድሩን ቀን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው በዚያ ሳምንት ማን እንደተቀበረ መጠየቅ ይችላል። የሰበካ ጉባኤ መዝገብም ይረዳል፤ ይሁንና ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ የተደራጀው በ1965 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የሞተን ሰው በአባልነት መዝገብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

መንግሥት የልደትና የሞት መዝገብ አለው ብለው ለሚጠይቁ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ደንግጓል፤ ያው ሕግ ግን አፈጻጸሙን ላልተወሰነ ጊዜ አቆይቶታል። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለአያቶቻችን ዘመን ዋናው የሞት መዝገብ የዕድር ደብተር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዕድሮች አሮጌ ደብተሮቻቸውን ከመጣላቸው በፊት ፎቶ ያንሷቸው ዘንድ እለምናለሁ።

በሙስሊም መቃብር ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለመኖሩ መረሳት አይደለም። ሃይማኖቱ በመቃብር ላይ ማስጌጥና መገንባትን ስለማያበረታታ ተራ ድንጋይ ይቆማል፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከጎን ከተቀበረው ዘመድ ጋር በማያያዝ ነው። በአርሲ ነጌሌ፣ በሻሸመኔና በኮፈሌ መንገድ ላይ ግን ሌላ ባህል ይታያል፤ ሟቹ በፈረስ ላይ ሆኖ፣ ጦር ይዞ በደማቅ ቀለም የተሣለባቸው የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች አሉ። ሥዕሉን ለማስጌጫ ብቻ የተደረገ አድርጎ ማየት ያጎድላል፤ ስለ ሟቹ ሕይወት የተሰጠ ምስክርነት ነውና ቀለሙ ከመልቀቁ በፊት ከአራቱም ጎን ፎቶ ማንሣት ይገባል።

«ሽማግሌ የተናገረው አይሳሳትም»፣ «አፈ ታሪክ ዋጋ የለውም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። አርሲው ወይም ቱለማው አባቶቹን ወደ ላይ ሲቆጥር፣ አማራው ሰባት ቤት ሲቆጥር የሚጠራው ስም ብዙ ጊዜ የሚታመን ነው። የሚያጠራጥረው ዓመቱ ነው። ስለዚህ «ስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «ከምን በፊት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከኅዳር በሽታ (1911) በፊት ነው? ጣሊያን ሲገባ ቤቱ ቆሞ ነበር? ወንጂ ፋብሪካ ሲከፈት፣ ቆቃ ውኃው ሲሞላ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው? በእንዲህ ያለ ጥያቄ የተገኘ መልስ ከወረቀት ጋር ሲገጥም የሚሰጠው ደስታ ትልቅ ነው።

ሻሸመኔ ላይ ያለው ተረት ዓመት እንዴት እንደሚደባለቅ በደንብ ያሳያል። «ንጉሡ ጃማይካ ሄደው ሲመለሱ ለጃማይካውያን መሬት ሰጡ» ይባላል። ንጉሡ ጃማይካን የጎበኙት በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ነው። መሬቱ ግን በ1940 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ ጥቁር ሕዝቦች የተሰጠ 5 ጋሻ ነው። ቀድመው ከሰፈሩት መካከል ጀምስና ሄለን ፓይፐር ከንጉሡ ጉብኝት አሥር ዓመት ገደማ በፊት የመጡ ሲሆኑ ትውልዳቸውም ከሞንትሴራት ደሴት እንጂ ከጃማይካ አይደለም።

«አሮጌ ቤት ስለሆነ አይፈርስም»

ዕድሜ ብቻውን ጥበቃ አያስገኝም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ መጠናትና መመዝገብ አለበት፤ ያልተመዘገበ ቤት ሲፈርስ ለመከራከር መነሻ አይኖርም። ምዝገባ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ስለ ቤቱ የሚያቀርበው ታሪክ ሊኖረው ይገባል።

በሚመጣው በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ በዕድሜ ትልቋን አክስት ወይም አያት አጠገብ ተቀመጡ። የሟቾችን የክርስትና ስም፣ የቤቱን የድሮ ቁጥር፣ የዕድሩን ጸሐፊ ስም ጠይቃችሁ በእጃችሁ ጻፉ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ደረሰኞችም የፊትና የጀርባ ገጻቸውን ፎቶ አንሡ። አንዱን ቅጂ ለዕድሩ፣ አንዱን ውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጡ።