አባ ኮዳን እንተዋወቅ

ባቱ ከተማ፣ ደንበል ሐይቅ ዳር ጠዋት ዓሳ ሊገዛ የወረደ ሰው ወረፋውን ከወፍ ጋር ነው የሚይዘው። ጀልባዎቹ ደርሰው ቆሮሶውና አምባዛው መበለት ሲጀምር፣ ከሰው ደረት የሚደርስ ራሰ መላጣ ወፍ እንደ ደላላ ጠጋ ብሎ ይቆማል። የዓሳው ሆድ ዕቃ መሬት ሳይነካ ረጅሙ መንቁር ይቀልበዋል፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ይነጥቀዋል፤ ሦስተኛው ከኋላ ክንፉን ዘርግቶ ይደርሳል። ዓሳ አስጋሪዎቹ ዞር ብለውም አያዩትም። የሚደነግጠውም፣ ፎቶ የሚያነሳውም እንግዳ ነው።

ይህ ወፍ አባ ኮዳ ነው። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2.5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ትልቁ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለ መልኩ ማባበል አያስፈልግም፤ አስቀያሚ ነው። ነገር ግን አስቀያሚ ያልነው ሁሉ ሥራ አለው። በበሬ ሬሳ ውስጥ አንገቱን የሚከት ወፍ ራሱ ላይ ላባ ቢኖረው ደሙና ፈርሱ ይጋገርበት ነበር። ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ከረጢት ብዙ ሰው የምግብ ማጠራቀሚያ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን አየር ነው፤ ወንዱ ነፍቶ ሴቷን ያማልልበታል፣ ባላንጣውንም ያስፈራራበታል። እግሮቹም ነጭ አይደሉም። ጥቁር ግራጫ ናቸው፤ ነጭ ያስመሰላቸው የራሱ ኩስ ነው። በኩሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲተን እግሩን፣ በእግሩም በኩል ደሙን ያቀዘቅዝለታል። የመተሐራን ወይም የአዳማን የሚያዝያ ፀሐይ የቀመሰ ሰው በዚህ አይፈርድበትም።

የማይበላው ነገር ጥቂት ነው። ምስጥ ይለቅማል፤ ሣር ሲቃጠል ከእሳቱ ፊት ፊት እየሄደ አንበጣና አይጥ ያነሳል፤ እንቁራሪት፣ እባብ፣ የፍላሚንጎ ጫጩት ሳይቀር ይውጣል። አንድ ድክመት ግን አለበት። ያ ሁሉ መንቁር የከብት ቆዳ መቅደድ አይችልም። ስለዚህ ከወደቀ ከብት አጠገብ ጥንብ አንሳ ቀድሞ እስኪሰነጥቅለት ቆሞ ይጠብቃል። በከተሞች ቄራ ዙሪያ ሁለቱን አብረው የምናያቸው ለዚህ ነው።

ጥንብ አንሳው አሁን ክፉ ጊዜ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የሚገኙ አራት የጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ሊጠፉ ጫፍ ላይ ከደረሱት ጋር መድቧቸዋል። አንዱ ዋና ምክንያት መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለሌላ አውሬ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረገው መርዝ ሥጋውን የሚያነሳውን ሁሉ ይገድላል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ሕንድ አይታዋለች። ለከብት ሕመም የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በሬሳው ውስጥ ቀርቶ የወፎቹን ኩላሊት አበላሸ፤ በሕንድ ዋና ዋና የሚባሉት ዝርያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። ሜዳ ላይ የቀረውን ሬሳ ውሻ ወረሰው፤ የውሻው መብዛት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ስጋት አባባሰ። መንግሥት መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

አባ ኮዳ ግን የመጥፋት ስጋት የለበትም። ከተማ ሲያድግ እሱም ይበዛል፤ ካምፓላና ናይሮቢ መሐል መንገድ ዳር ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ ይፈለፍላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 220 ሺህ ገደማ ሕዝብ የነበራት አዳማም ሆነች ሞጆ፣ መቂና ሻሸመኔ እየሰፉ ሲሄዱ ቄራቸውና ቆሻሻ መድፊያቸው አብሮ ይሰፋል። ይህን አይቶ «ተፈጥሮ ከእኛ ጋር ተስማምታለች» የሚል ካለ አልገባውም። ከባቱ ወደ ደቡብ ወረድ ሲል አብያታ ሐይቅ አለ። አብያታ ውኃውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከደንበል በሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው፤ ላይ ለመስኖ፣ ታች ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሳው አለቀ። በጎረቤቱ በሻላ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ላይ ዓሳ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ርቀው ለመብረር ተገደዱ። በአንድ ሸለቆ ውስጥ ንጹሕ ውኃና ሕያው ዓሳ የሚፈልገው ወፍ ሲሰደድ፣ ያገኘውን የሚውጠው ይሰባል። የአባ ኮዳ መብዛት የሚነግረን የቆሻሻ አያያዛችንን ነው።

ቆሻሻ የሚስበው ወፍ ለአውሮፕላንም አደጋ ስለሆነ ጉዳዩ የሰው ሕይወትም ጉዳይ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች ገብተውበት ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ያ በእርግብ ነው፤ አባ ኮዳ ደግሞ ከእርግብ እጅግ ይከብዳል። አሁን ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ አዲስ ግዙፍ አየር ማረፊያ ታቅዷል፤ ዙሪያው ሐይቅና የወፍ መተላለፊያ ነው። መፍትሔው ወፍ መግደል አይደለም። የቄራ ተረፈ ምርት ሜዳ ላይ እንዳይደፋ ማድረግና የቆሻሻ መድፊያን ከበረራ መስመር ማራቅ የከተማ አስተዳደሮች ሥራ ነው፤ አሁን ካልታሰበበት በኋላ ዋጋው ይከብዳል።

ለወፉ ደግሞ ሁለት ነገር ይበቃዋል። አንዱ ትልልቅ ዛፍ ነው። በረጅም ግራርና ዋርካ ላይ ጎጆ ሠርቶ ሁለት ሦስት እንቁላል ይጥላል፤ ጫጩቱ ለመብረር ሦስት ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ለመንገድ ማስፋፊያ ዛፍ የሚቆርጥ ክፍል ቀና ብሎ ቢያይ ምንም አይጎዳም። ሁለተኛው ፌስታል ነው። አባ ኮዳ አያላምጥም፤ የደም ወይም የዓሳ ሽታ ያለውን ከነመጠቅለያው ይውጠዋል። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ሐይቁ ዳር የሚፈጸመው ግን በእኛ ነው። ባቱ ወርዳችሁ ዓሳ የምትበሉ ሁሉ፣ አጥንቱን ጣሉለት፤ ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ።