ትምህርቱ በስልክ፣ ፈተናው በኮምፒውተር

ማታ አራት ሰዓት አካባቢ ኢስት ኮልፋክስ ላይ 15 ቁጥር አውቶብስ ብትሳፈሩ፣ ከሥራ የሚመለሰውም ወደ ሌሊት ፈረቃ የሚሄደውም ወጣት አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ ነው። አንዳንዱ ቲክቶክ እያየ ነው። አንዳንዱ ግን ክፍል ውስጥ ነው። የሳምንቱን ሌክቸር ያዳምጣል፣ ከመውረዱ በፊት አሳይመንቱን ለመላክ ይጣደፋል።

ኮልፋክስ ለእኛ ሰው የእንጀራና የሥጋ ቤት መንገድ ብቻ አይደለም። ዴንቨር መሃል ላይ ሦስት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በጋራ የሚጠቀሙበትን የአውራሪያ ካምፓስ ይነካል፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ አውሮራ ውስጥ ያለውን የአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ያገኛል። በዚህ መንገድ ዳር ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር፣ ወይም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚማር ሀበሻ ሞልቷል። ለዚህ ሰው ስልክ ቅንጦት አይደለም። ስልክ ባይኖር ብዙዎቹ ትምህርቱን አይጀምሩትም ነበር።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ፣ ተማሪው በስልክ ተምሮ በኮምፒውተር መፈተኑ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ ነርሲንግ ለመግባት የሚያስፈልጉትን ኮርሶች ይወስድ ነበር። ንባቡን፣ ቪዲዮውን፣ ትንንሽ ጥያቄዎቹን ሁሉ በስልኩ ሠራ። የሚድተርም ቀን ሲደርስ ፈተናው የሚከፈተው ሌላውን ነገር ሁሉ በሚቆልፍ ልዩ ብራውዘር ነው ተባለ። ያ ብራውዘር ደግሞ ስልክ ላይ አይሠራም። የአክስቱን ልጅ ላፕቶፕ ተዋሰ። ላፕቶፑ ለወራት ተዘግቶ ስለከረመ አፕዴት ካላደረግሁ አለ። ፈተናው ሲከፈትለት ከሰዓቱ ግማሹ ሄዷል። ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል። የማያውቀው ማሽኑን ነው።

ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ካምፓስ የገባ ሰው «ሶፍት ኮፒው አለህ?» የምትለዋን ጥያቄ ያውቃታል። ሃንድአውቱ፣ ስላይዱ፣ የሲኒየሮች የድሮ ፈተና ሁሉ በቴሌግራም ይዞራል፤ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተጋድሞ በስልክ ይነበባል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ግን ተማሪው የተቀመጠው ኮምፒውተር ፊት ነው። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 61,054 ናቸው። የወደቁት ሁሉ በኮምፒውተር ምክንያት ወደቁ ማለቴ አይደለም፤ የትምህርቱ ጥራት ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። ግን ማውስ በደንብ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ የአራት ዓመት ልፋቱን በሦስት ሰዓት ውስጥ ማሽን ፊት እንዲያስመሰክር ሲጠየቅ፣ የምንለካው ዕውቀቱን ብቻ አይደለም።

ሌላም አለ። ስልክ ትምህርት ቤት ሲሆን ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ሳይመለስ ቀርቷል። ባሕር ዳርና ጎንደር ላለ ተማሪ ያ ማለት ቤተ መጻሕፍቱ ተቆለፈ ማለት ነው። አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደው ብቻ ተረፈው።

የሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ በሙያዬ በኩል ልናገር። ብዙ ኮርሶች የሚሠሩት ሰፊ ስክሪንና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ባለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። መምህሩ የአንድ ሰዓት ሌክቸር በቪዲዮ ሲጭን ፋይሉ በቀላሉ አንድ ጊጋባይት አካባቢ ይደርሳል። ያንኑ ድምፅ ብቻ አድርጎ በ64 ኪሎቢት ቢያስቀምጠው 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ፓኬጅ ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ ይሄ ልዩነት የመማርና ያለመማር ልዩነት ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም እንዲሁ ነው፤ ገጹ ከስልኩ ስክሪን ጋር አይስተካከልም፣ ቃል ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። ጽሑፉን በጽሑፍነቱ መስጠት ምንም ወጪ የለውም። ሙድልን የመሳሰሉ የትምህርት መድረኮች በስልክ መተግበሪያቸው በኩል ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላሉ፤ ይሄ የሚጠቅመው ግን መምህሩ ፋይሉን እንዲወርድ አድርጎ ካስቀመጠው ነው።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ስልክ ኮምፒውተርን አይተካም። ማንበብና ማዳመጥ ይቻልበታል። አሥር ገጽ ወረቀት መጻፍ፣ ኤክሴል ላይ መሥራት፣ ፕሮግራም መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በስልክ ኮድ መጻፍ በሻይ ማንኪያ ሊጥ እንደ ማቡካት ነው። ይደረጋል፤ ግን ማን ይጨርሰዋል? በስልክ ብቻ የሚማር ልጅ ሳይታወቀው የሌሎች ሥራ አንባቢና ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ሥራ ገበያው ላይ የሚፈለገው ደግሞ ሠሪው ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ኢስት ኮልፋክስ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ሴሚስተሩ ሳይጀመር መምህሩን «ፈተናው በምን ዓይነት ማሽን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ኮሌጆች ለተማሪ ላፕቶፕ ያውሳሉ፤ የሚያፍር ሰው ግን አይጠይቅም። አውሮራ ውስጥ እዚያው ኮልፋክስ ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ኮምፒውተሩን ለመጠቀም ገንዘብ አይከፈልም። የኮሌጅ አካውንታችሁ መግቢያ ኮድ በስልክ የሚመጣ ከሆነ፣ መጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ስልኩ የጠፋ ወይም ቁጥሩ የተቀየረ ቀን ከክፍላችሁ ውጭ እንዳትቀሩ።

ለእኛ ለሠራተኞቹ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአክስት ልጅ የተገዛ አዲስ ስልክ አይጠፋም። ልጁም «ስልክ ላክልኝ» ነው የሚለው፤ እኛም ደስ ይለዋል ብለን እንልካለን። ካምፓስ ለገባ ልጅ ግን በዚያው ዋጋ፣ እንዲያውም ባነሰ፣ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ ይገኛል። መሥሪያ ቤቶቻችን በየጥቂት ዓመቱ ኮምፒውተር ይቀይራሉ፤ አሮጌዎቹ የት እንደሚሄዱ ጠይቀን እናውቃለን? በየማኅበሩና በየዕድሩ ለቀብርና ለሠርግ የምናዋጣውን ያህል እንኳ ባይሆን፣ በዓመት አሥር ላፕቶፕ ሰብስቦ መላክ ለአንድ ማኅበር ከባድ አይደለም።

ልጁ መጀመሪያ ቅር ይለው ይሆናል፤ ላፕቶፕ ይዞ ሰልፊ አይነሳበትም። የመውጫ ፈተናው ቀን ግን እጁ አይንቀጠቀጥም።