ባሕርን ደጅ የሚያስቆም ቫልቭ

የጣና ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ላይ ሲቀዝፍ ልብሱ ቢረጥብ አይደነግጥም። ታንኳው የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው፤ አንድ ቦታ ቢበሳ ወዲያው አይሰጥምም። ጠላቱ ጊዜ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባቸው ራ እና ራ 2 የተባሉ ጀልባዎች የታሰሩት ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። የመጀመሪያዋ ከመድረሻዋ ጥቂት ሲቀራት ተፈታታች፤ ሁለተኛዋ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ከፋይበርግላስ፣ ከብረት ወይም ከጣውላ የተሠራች ባለሸራ ጀልባ ግን የምትንሳፈፈው በሆዷ ባለው አየር ነው። የአየሩን ቦታ ውሃ ከያዘው፣ ነፋስ እንዳይገለብጣት ከሥሯ የታሰረላት ከባድ እርሳስ ወይም ብረት ይዟት ይወርዳል። ቤቱን አከራይቶ ወይም ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ ጀልባ ላይ ሊኖር የተነሣ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው።

ዝግጅቱ የሚጀመረው በየብስ ነው። ጀልባዋ በክሬን ከውሃ ወጥታ በድጋፍ ላይ ትቆማለች፤ ሆዷ ተፍቆ ይቀባል፣ ሸራዎቿ ይሰፋሉ፣ ምሰሶውን የሚወጥሩት የብረት ገመዶች ይመረመራሉ። ሶላር ይገጠማል፣ ባትሪ ይቀየራል፣ ፍራሽ በጀልባዋ ቅርጽ ተቆርጦ ይሰፋል። ይህን ሁሉ ማንም ያስታውሳል።

ዘመድ ወዳጅ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ “ማዕበል ቢመጣስ? ዓሣ ነባሪ ቢመታችሁስ?” ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዱጋል ሮበርትሰን እርሻውን ሸጦ ቤተሰቡን ሉሴት በተባለች ጀልባ ይዞ በ1971 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ወጣ። በሰኔ 1972 እ.ኤ.አ. ከጋላፓጎስ ደሴቶች በስተምዕራብ ኦርካ የሚባሉት ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ጀልባዋን ሸነቆሯት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። በጀልባዋ የነበሩት ስድስት ሰዎች መጀመሪያ አየር በተሞላች የጎማ ጀልባ፣ እርሷ ስታልቅ ደግሞ ሦስት ሜትር በማትሞላ ትንሽ ጀልባ ተጨናንቀው፣ የዝናብ ውሃና የኤሊ ደም እየጠጡ 38 ቀን ቆዩ። በመጨረሻ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች አነሷቸው።

ታሪኩ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው አደጋ ግን ብርቅ ነው። የጀልባ ኢንሹራንስ የሚሸጡ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት ሐቅ አለ፦ በጉዞ ላይ ከሚሰጥሙት ይልቅ ወደብ ላይ ታስረው ቆመው ሳሉ የሚሰጥሙት ይበዛሉ። ማዕበል በሌለበት፣ ባለቤቱ ገበያ በወጣበት ሰዓት። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የአውራ ጣት ስፋት ያላት ቀዳዳ ናት።

ቀዳዳዋ በስህተት የተፈጠረች አይደለችም፤ ሠሪው ሆን ብሎ የበሳት ናት። ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት የባሕር ውሃ የሚገባው፣ የወጥ ቤቱ እጣቢ የሚወጣው፣ የሽንት ቤቱ ውሃ የሚገባውና የሚወጣው በጀልባዋ ሆድ በተበሱ ቀዳዳዎች ነው። ቤተሰብ በሚያኖር ጀልባ ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከአሥር በላይ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቫልቭ አለ፣ ከቫልቩ ጎማ ይነሣል፣ ጎማውን ፋሸታ ያጠብቀዋል። ባሕሩን ከልጆቹ አልጋ የሚለየው ይኸው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ስፋቷ 38 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ጎማዋ ቢወልቅ፣ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ታስገባለች። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይሞላል ማለት ነው። “ፓምፕ አለኝ” የሚል ባለቤት በፓምፑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ መተኛት የለበትም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የተለካው ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ ነው፤ ውሃውን በረጅም ጎማ ሽቅብ ሲገፋ አቅሙ በጣም ይቀንሳል፣ ባትሪ ሲደክም ደግሞ ይቆማል።

ሌላው ጣጣ ቫልቩ የተሠራበት ብረት ነው። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች “ነሐስ” ሲባሉ ይሰማል፤ ባሕር ግን ለይቶ ያውቃቸዋል። አንደኛው የመዳብና የቆርቆሮ ውሕድ ሲሆን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ሁለተኛው የመዳብና የዚንክ ውሕድ ነው፤ ለቤት ቧንቧ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ጨው ዚንኩን እየመጠጠ ያወጣዋል፤ የሚቀረው እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ መዳብ ነው። ከውጭ ሲያዩት ቅርጹ አልተለወጠም፤ በእጅ ሲያዞሩት ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል። ላዩ ሲፋቅ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ ካደላ መበላቱን ያሳያል። ርካሽ ነው ብሎ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ገዝቶ ጀልባ ላይ የሚገጥም ሰው ቤተሰቡን በዚያ ብስኩት ላይ እያስተኛ ነው። ለባሕር ተብሎ የተሠራው ነሐስ ወይም በመስታወት ጭረት የተጠናከረው ፕላስቲክ ውድ ነው፤ ዋጋው ግን ከአዲስ ፍራሽ አይበልጥም።

መልካም ቫልቭም ካልተነካ ይደርቃል። ቢያንስ በወር አንዴ እያንዳንዱን መክፈትና መዝጋት፣ ጎማውን መጭመቅ፣ ዝገት የያዘውን ፋሸታ መቀየር ያስፈልጋል። በየቫልቩ አጠገብ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ በሲባጎ ይታሰራል። እንጨቱ ለስላሳ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ ሲነካው አብጦ ቀዳዳውን ይበልጥ ይደፍናል። ውታፎቹን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ሳጥን የቆለፈ ሰው፣ ጀልባው በጨለማ ውሃ ስትሞላ ቁልፍ ሊፈልግ ነው። ሽንት ቤቱን ተጠቅሞ ቫልቩን ክፍት ትቶ የሚወርድ እንግዳም ሊገሠጽ ይገባል፤ ሳህኑ ከውሃው ወለል በታች ከሆነና ጎማው ላይ አየር ማስገቢያ ከሌለ ባሕሩ ቀስ እያለ ይገባል።

የቀረው ለለመደው ቀላል ነው። የምግብ ማብሰያው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለሉ ሥር ይተኛል፤ ሲሊንደሩ ወደ ውጭ በሚያስተነፍስ በተለየ ሳጥን ይቀመጣል። የሚጠጣው ውሃ በልክ ነው፦ 400 ሊትር ለአራት ሰው፣ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ቢመደብ፣ 25 ቀን ያደርሳል። በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ሮቶና ጄሪካን ሞልቶ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ለዚህ ሒሳብ አስተማሪ አያሻውም። ለልጆች በጀልባዋ ዙሪያ መረብ ይወጠራል፣ ከማንገቻቸው የሚያያዝ ገመድ ይዘረጋል። ልጅ በጀልባ ላይ ያድጋል ወይ ለሚል፣ መልሱ ላውራ ዴከር ናት፦ በ1995 እ.ኤ.አ. ወላጆቿ በጀልባ ጉዞ ላይ ሳሉ ኒውዚላንድ ተወለደች፤ በ16 ዓመቷ ዓለምን ብቻዋን በሸራ ዞራ ጨረሰች።

በሲያትል ሺልሾል ቤይ በተባለው የጀልባ ማቆሚያ ብዙ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ጀልባቸው ላይ ይኖራሉ። በዚያች ከተማ ያላችሁ አንባቢያን፣ አንድ ቀን ቡና ተጠርታችሁ ከገባችሁ ስለ ማዕበል አትጠይቁ፤ ቫልቮቹ የት የት እንዳሉ ጠይቁ። በቅጡ የተዘጋጀ ቤተሰብ ከሆነ፣ ትንሹ ልጅ ወለሉን ከፍቶ አንድ በአንድ ያሳያችኋል።