ተራራ ለሚወጣ ቻርጀር ሙቀት መልእክተኛ ይሆን?

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አቀስታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ያለፈች የደጋ ከተማ ናት። ከመርካቶ በጅምላ ተገዝቶ ወደዚያ የሚጫነው ቻርጀርና የሶላር መሣሪያ ሁሉ ግን ለደጋ የተሠራ አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ደረጃ ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ ለሚሠራ ዕቃ የተራራ ምልክት ያለበት ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አዘዘ። (አዲስ አበባም ብትሆን ከመስመሩ በላይ ናት።)

ምክንያቱ አየር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ኤሌክትሪክን አጥብቆ አያግድም። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በ3,000 ሜትር ላይ በሁለት ገመዶች መካከል የሚተወው ክፍተት በ1.14 ይባዛል። በቻርጀር ውስጥ አንዱ ወገን 220 ቮልት፣ ሌላው በእጅ የሚያዘው 5 ቮልት ነው። በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ ማለፍ የለበትም፤ በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ግን መልእክት ማለፍ አለበት።

ይህን መልእክት እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚያሻግሩት ብርሃን፣ መግኔትና የኤሌክትሪክ መስክ ናቸው። በብርሃን የሚሠራው ርካሽና የተለመደ ቢሆንም መብራቱ ከዓመታት በኋላ ይደክማል። ተመራማሪዎች የሚሞክሩት አራተኛው መንገድ ሙቀት ነው። በአንድ ቺፕ ላይ መልእክት ሲመጣ የምትግል ጥቃቅን ሬዚስተር በአንድ ወገን ትሠራለች፤ በሌላው ወገን ያለው ቴርሞኮፕል፣ ጀርመናዊው ዜቤክ በ1821 ባስተዋለው ክስተት፣ ሙቀቱን መልሶ ቮልት ያደርገዋል። መሐላቸው የብርጭቆ ዘመድ የሆነው ሲሊከን ኦክሳይድ ነው። ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ብቻ ቢሆን እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይችላል፤ ጠጣር ስለሆነም የተራራ አየር አይነካውም። ለሥራው ልዩ ቁሳቁስ አለማስፈለጉ ለወጪ ቆጣቢው አምራች የሚጥም ነው።

ድክመቱም ቀላል አይደለም። ብርሃን በቅጽበት የሚሻገረውን ግድግዳ ሙቀት እየተሳበ ነው የሚያልፈው። ሬዚስተሯ ኃይል ትበላለች፤ አጠገቧ የጋለ ሌላ ዕቃ ካለም መልእክቱ ይደበላለቃል። ስለዚህ ለማብራትና ለማጥፋት ትእዛዝ እንጂ ለፈጣን መረጃ አይመከርም። ቺፑ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ከውጭ አየር ላይ ያሉት እግሮቹ በቂ ርቀት ይፈልጋሉ።

ቴክኖሎጂው መርካቶ እስኪደርስ ገዢው ካርቶኑን አገላብጦ ማየት ይችላል። የተራራ ምልክት ያለበት ኮምቦልቻ ቢራገፍ አያሠጋም፤ ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በታች ናት። ወደ አቀስታ የሚጫነው ሌላው ካርቶን ነው።